«ምን ያስገኝልሃል?» የጎን ሥራ በምን ሚዛን ይመዘን?



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ሥራ የሚመክሩ መጻሕፍትና ንግግሮች አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩናል። መሐንዲስም ሁን ሠዓሊ፣ ደራሲም ሁን ፊልም ሠሪ፣ ከመደበኛ ሥራህ ጎን ለጎን የራስህ የሆነ አንድ ሥራ ይኑርህ ይሉናል። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም። የማልስማማው ተከትሎት በሚመጣው ምክንያት ነው። ቀጣሪ ያይልሃል፣ ስምህ ይታወቃል፣ ደመወዝህ ይሻሻላል፣ ከቀናህም አንድ ቀን ኩባንያ ይወጣዋል ነው ነገሩ። እኛ አበሾች ይህንን ፍልስፍና ለማወቅ የአሜሪካ መጽሐፍ አላስፈለገንም። ዘመድ ወዳጅ ቤታችን መጥቶ ማታ ማታ የምንጽፈውን ወይም የምንቀጣጥለውን ሲያይ፣ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ የሚያነሣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ታዲያ ይሄ ምን ያስገኝልሃል?»

በእኔ እምነት መካሪውም ዘመዱም በአንድ ሚዛን ነው የሚመዝኑት። ሚዛኑ ደግሞ ለዚህ ዕቃ የተሠራ አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። አማርኛችን ለዚህ ነገር የተመቸ ስም የለውም። «የትርፍ ሰዓት ሥራ» ካልን፣ አገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ቅጽ ተሞልቶ የሚከፈለው ኦቨርታይም ነው። «ሁለተኛ ሥራ» ካልን በስደት ያለን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ቀን ሆስፒታል፣ ማታ ፓርኪንግ። «የግል ሥራ» ንግድ ነው። «የጊዜ ማሳለፊያ» ደግሞ ከስድብ አይተናነስም። የተሻለ ቃል ያለው ሰው እስኪመጣ ድረስ እኔ «የጎን ሥራ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም የማይከፍልበት፣ ሠሪው ራሱ መርጦ የጀመረው ሥራ ማለቴ ነው።

በሙያዬ አካባቢ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚደንቀኝ የዶናልድ ክኑዝ ታሪክ ነው። ክኑዝ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ሲሆን፣ የዕድሜ ልክ ሥራው «ዘ አርት ኦፍ ኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ» የተባለው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1977 የሁለተኛው ቅጽ አዲስ እትም የማተሚያ ናሙና ደረሰው። ማተሚያ ቤቶች በዚያን ጊዜ ከእርሳስ ፊደል ወደ ፎቶግራፍ ዘዴ እየተሸጋገሩ ነበርና ገጹ አስቀያሚ ሆኖ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ፣ ጥቂት ተሟግቶ፣ በመጨረሻ ይተወው ነበር። ክኑዝ ግን ዋና ሥራውን ወደ ጎን ብሎ፣ ሒሳብ ያለበትን ጽሑፍ አሳምሮ የሚያቀናብር ፕሮግራም ራሱ ሊጽፍ ተነሣ። ባጭር ጊዜ የሚያልቅ መስሎት ነበር፤ አሥር ዓመት ግድም ፈጀበት። ቴክ የተባለው ፕሮግራም የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬም የሒሳብና የፊዚክስ ምሁራን ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው በቴክ ላይ በተገነባው በላቴክ ነው።

እስቲ ይህንን በመካሪዎቻችን ሚዛን እንመዝነው። ሰውየው ዕውቅና አላስፈለገውም፤ በሙያው ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት በ1974 ወስዶ ጨርሷል። ሥራም አልፈለገበትም፤ ነበረው። ፕሮግራሙን አልሸጠውም፤ ለዓለም ሁሉ በነጻ ለቀቀው። በአንጻሩ ዋናው መጽሐፍ ዘገየ። ሦስተኛው ቅጽ በ1973 ወጥቶ የአራተኛው የመጀመሪያ ክፍል በጠንካራ ሽፋን የታተመው በ2011 ነው (የዘገየው በቴክ ምክንያት ብቻ ባይሆንም)። «ምን አስገኘለት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኪሳራ ብቻ ነው የሚያየው። የጎን ሥራውን ያስጀመረው የገዛ መጽሐፉ ገጽ እንዲያ ተበላሽቶ ሲወጣ ዝም ብሎ ማለፍ አለመቻሉ ነው።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ የአንድ ፈረንጅ ጨዋታ ብለን ባለፍነው። ነገር ግን በ1990ዎቹ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ ብርሃኑ በየነ የተባሉ ወገናችን ከጀርመናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የክኑዝን ፕሮግራም መሠረት በማድረግ የግዕዝን ፊደል የሚያቀናብር ሥርዓት ሠርተዋል። ክኑዝ በ1977 ስለ ሀ ሁ ሂ ሲያስብ አላደረም። ቢሆንም በሩን ሳይቆልፍ ስለ ሄደ ሌላው ገብቶ ሠራበት። ከዚህ በታች የማነሣው ነቀፌታ በዚህች ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ አንባቢ ልብ እንዲላት እለምናለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። ይህንን ጽሑፍ በፊደላችን የሚያነብ ሁሉ የጎን ሥራ ዕዳ አለበት። በ1980ዎቹ የግል ኮምፒዩተር በየቢሮው ሲገባ አማርኛን በውስጡ ለማስገባት ገንዘብ ያወጣ ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። ገበያው የታል? አገር ቤት ደርግ፣ ረሀብና ጦርነት፤ ውጭ አገር ያለነው ደግሞ እፍኝ የማንሞላ ስደተኞች። ሥራውን የጀመሩት በየራሳቸው የተነሡ ግለሰቦች ናቸው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ዳሸን የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ያቀረቡት አቶ ፍስሐ አጥላው ናቸው። ሌላው በኮሎራዶ የሚኖሩት፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት የሞዴት አዘጋጅ ዶክተር አበራ ሞላ ናቸው። የእንስሳት ሐኪም! ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ማንም ቀጣሪ የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ «ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር አስገባልን» አይልም። (ማን ቀደመ በሚለው ላይ ለዓመታት ብዙ ቀለም ፈስሷል። እዚያ ጠብ ውስጥ አልገባም፤ ዳኛ የመሆን ፍላጎትም ሥልጣንም የለኝም።)

ችግሩ ምን እንደነበረ በሙያው ላልሆነ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ 256 ቁጥር ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹን 128 እንግሊዝኛና የማሽኑ ትእዛዞች ይዘዋቸዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ በዚያ ላይ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቧ አሉ፤ ሃያው የግዕዝ አኃዝ፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም አሉ። አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ በአንድ ቃል መካከል ፎንቱ ይቀያየራል። ሌላው የቀድሞውን የጽሕፈት መኪና ዘዴ ተከትሎ የፊደሉን አካል ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አድርጎ ይገጣጥማል። ሌሎች ጨርሰው በላቲን ፊደል መጻፍን መረጡ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያወጡት ሥርዓት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በላቲን የተጻፈውን ኮምፒዩተሩ ሳይሳሳት ወደ ግዕዝ እንዲመልሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ስሙ በራሱ ሕግ ሲነበብ «ሰራ» ይሆናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሳየው «ሴራ» መስሎኝ ነበር፤ ለእኛ ደግሞ ሴራ ብርቅ አይደለም።

እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ማድነቅ ቀላል ነው፤ ማድነቅም ይገባል። ሆኖም ሥራቸውን አክብሮ መመርመር ከጭብጨባ የተለየ ነገር ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ ነው የምነቅፈው ነገር ያለኝ። እያንዳንዱ ለራሱ ሠራ። ቁጥር 130 በአንዱ ፕሮግራም «ለ» ከሆነ በሌላው «ሞ» ሆነ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያንኑ ፕሮግራም ያልገዛ ሰው ዘንድ ሲደርስ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአማርኛ ድረ ገጾች «በቅድሚያ ይህንን ፎንት ይጫኑ» የሚል ማስታወቂያ በራፋቸው ላይ ይለጥፉ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቹ ሰልችቷቸው ገጹን ፎቶግራፍ አንሥተው መለጠፍ ጀመሩ። የቁጥሩን ሰንጠረዥ በይፋ ማውጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ብዙዎች ግን እንደ መድኃኒት ምሥጢር ያዙት። ለምን? መልሱ ያው የዘመዳችን ጥያቄ ነው። «ምን ያስገኝልሃል?» ተብሎ ለዓመታት የተጠየቀ ሰው በመጨረሻ የሚያስገኝ ነገር ይፈልጋል፤ ፊደሉን ቆልፎ ሊሸጠው ይሞክራል። አልፈርድባቸውም፤ ቤት ኪራይ ነበረባቸው። ቢሆንም ያ ቁልፍ ያስከፈለንን ዋጋ ዛሬም ድረስ እየከፈልን ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ በ1991 ሲወጣ ግዕዝ አልነበረበትም። በ1999 በወጣው 3.0 እትም 345 ምልክቶች ይዞ ገባ። ይህም የሆነው ጉዳዩን በራሳቸው ጊዜ ተከታትለው ሰነድ ያቀረቡ፣ የተከራከሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። በጎን የተጀመረው ሥራ በደመወዝ ከሚሠራው ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞታል።

እኔም ማታ ማታ የምሠራው የዚያን ዘመን ትርፍራፊ ነው። ቀን የኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ ዕቃዎች ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በ1990ዎቹ የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ፕሮግራም እሠራለሁ። የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት፣ የማኅበር ደብዳቤ፣ ሳይታተም የቀረ ልብ ወለድ ይመጣልኛል። ስማቸውን የማልጠቅሳቸው አንድ ጋሼ በ1994 የጻፉትን የሕይወት ታሪካቸውን በፍሎፒ ዲስክ ሰጥተውኛል። ዲስኩ ይነበባል፤ ቁጥሮቹ አሉ። የጠፋው ቁጥሩ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አእምሮ የሚያደክም አንድ ነገር አለ። ሰነዱ ከነፎንቱ መረጃ ከተቀመጠ ነገሩ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በደግነት ጽሑፉን ብቻ ገልብጦ ካስቀመጠው፣ ያው አንድ ቁጥር እንግሊዝኛም አማርኛም ሊሆን ይችላል። በአማርኛው መካከል የገባ የመንገድ አድራሻ ወይም የዩኒቨርሲቲ ስም ወደ ፊደል ተመልሶ እብደት ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ሊወስን አይችልም፤ ሰው አንብቦ፣ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ ገምቶ መወሰን አለበት። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሌሊት የቆየሁበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ምን አተረፍክ ካላችሁኝ፣ ደመወዜ በዚህ ምክንያት አንድ ሳንቲም አልጨመረም። አተረፍኩ የምለው ሌላ ነው። በመሥሪያ ቤት ችግሩ ተመርጦ፣ ተለክቶ፣ በሰነድ ታስሮ ይመጣልኛል። «ተጠናቀቀ» የሚባለውም በሌላ ሰው ፈተና ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ በስሜት አይሠራም። ነገር ግን ለዓመታት የተመረጠለትን ችግር ብቻ የሚፈታ ሰው፣ ፈጠራ ሥራው ነው በሚባልበት ሙያም ቢሆን፣ ችግር የመምረጥ ችሎታው ይዶለዱማል። ይህንን በሥራ ባልደረቦቼ ላይ አይቻለሁ፤ ከእኔ የሚበልጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ «የፈለግኸውን ሥራ» ቢባሉ ግን የሚነኩትን ያጣሉ። ማስታወቂያ ቤት የሚሠራ ሠዓሊም፣ ጋዜጣ ላይ የሚሠራ ጸሐፊም እንዲሁ ነው። በጎን ሥራዬ ግን ምን እንደሚሠራ፣ መቼ በቃ እንደሚባል፣ የትኛው ስሕተት እንደሚታለፍና የትኛው እንደማይታለፍ የምወስነው እኔ ነኝ። ከቀኑ ሥራ ያላገኘሁት ይህንን ነው፤ ለቀጣሪ በሚላክ የሥራ መግለጫ ላይ የሚጻፍበት መስመር ደግሞ የለም።

ኩባንያዎች ይህ ስለገባቸው ሊገዙት ሞክረዋል። ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ ሠራተኞቹ ከጊዜያቸው 15 በመቶውን በራሳቸው ሐሳብ ላይ እንዲያውሉ በመፍቀዱ ይታወቃል፤ የጉግል መሥራቾችም በ2004 አክሲዮን ሊሸጡ ሲሉ ባወጡት ደብዳቤ ስለ 20 በመቶ ጽፈዋል። የስሪ ኤም ዝነኛ ውጤት በየቢሮው የምንለጥፋት ቢጫ ወረቀት ናት። ስፔንሰር ሲልቨር በ1968 በቅጡ የማይጣበቅ ማጣበቂያ ሠርቶ ጥቅም ያጣለታል። ባልደረባው አርት ፍራይ በ1974 ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ከመዝሙር መጽሐፉ የምትወድቀው የገጽ ምልክት አናደደችውና ማጣበቂያውን አስታወሰ። ችግሩ የተገኘው በፋብሪካው ሳይሆን በመዘምራኑ መካከል መሆኑን ልብ በሉ። ኩባንያው ሰዓት ሊሰጥ ይችላል፤ መዝሙሩን ግን ሊሰጥ አይችልም።

ሌላው የኩባንያዎች መንገድ ያን ያህል ደግ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሊቀጥረኝ የፈለገ አንድ ድርጅት ባቀረበልኝ ውል ላይ፣ ተቀጣሪ እስከሆንኩ ድረስ በማናቸውም ሰዓትና ቦታ የምፈጥረው ሁሉ የድርጅቱ ንብረት እንደሚሆን የሚገልጽ አንቀጽ ነበረ። የአማርኛ ፊደል ሰንጠረዥ ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል? ስጠይቅ «ሁሉም ይፈርማል፣ ማንም አያነበውም» ተባልኩ። የጎን ሥራዬን ከውሉ የሚያወጣ አንድ ገጽ አባሪ ካልገባ አልፈርምም ብዬ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ በመጨረሻ ገባ። በካሊፎርኒያ የሚኖር ወገን የሠራተኛ ሕጉን አንቀጽ 2870 ያንብብ፤ በራስህ ጊዜና በራስህ ዕቃ የሠራኸው፣ ከአሠሪህ ሥራ ወይም ምርምር ጋር ካልተያያዘ፣ የአንተ ነው ይላል። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን አፕል ሲሠራ የሂውሌት ፓካርድ ተቀጣሪ ነበር። ለአሠሪዎቹ አስቀድሞ አቅርቦላቸው አልፈለጉትም፤ በ1976 ከስቲቭ ጆብስ ጋር ኩባንያ ያቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። የብዙ ወገኖቻችን የማታ ሥራ ግን ማንም ሳያነበው በተፈረመ ወረቀት ታስሮ እንደሚቀር እገምታለሁ።

ለመሆኑ ማታው ያለው ማን ነው? ይህንን ሳያነሡ የጎን ሥራን ማወደስ አግባብ አይመስለኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ባገለገሉበት የሕይወት ዘመናቸው ነው። በልብ ወለዱ እንጀራ ይገኛል ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም፤ ደመወዝ ግን ነበራቸው። ሁለት ፈረቃ ሠርታ ሌሊት ስምንት ሰዓት ቤቷ የምትገባ ነርስ ወይም ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የሆነች እኅታችን «የጎን ሥራ ይኑርሽ» ብትባል ምን ትመልሳለች? መካሪዎቹ የጎን ሥራን የትጋት መለኪያ ሲያደርጉት የሚያስቀይመኝ ለዚህ ነው። ማታ ያለው ሰው ማታ ስላለው ሊመሰገን አይገባውም። እኔ ማታ ያለኝ ባለቤቴ ልጆቹን ስለምታስተኛ ነው፤ እሷ የጀመረችው የጥልፍ ሥራ ግን ሁለት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። በቅርቡ ማክሰኞና ሐሙስ የእሷ ማታ እንዲሆን ተስማምተናል፤ በእነዚያ ቀኖች ፍሎፒ ዲስክ አይነካም።

ማታ ያለን ግን ቢያንስ በሩን ክፍት አድርገን እንሂድ። ክኑዝ ከሞተ በኋላ ቴክ ምንም እንዳይለወጥ አስቀድሞ ወስኗል፤ የእትሙ ቁጥር በየእርማቱ ወደ ፓይ እየተጠጋ መጥቶ በ2021 3.141592653 ላይ ደርሷል፤ ሲሞት ፓይ ራሱ ይሆናል። ሰው የጎን ሥራውን ኑዛዜ ሲናዘዝለት ከዚህ ሌላ አላየሁም። በእኛ በኩል የሠራነውን ሰንጠረዥ አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ለሕዝብ ማስቀመጥ ኑዛዜም አያስፈልገው። አሁን በሕይወት ያሉ፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩ ወገኖች ይህንን ካነበቡ ልመናዬ ይኸው ነው። ዛሬ ማንም አይገዛውም፣ የሚቀማችሁም የለም፤ ከመሳቢያ አውጡት።

እስካሁን አምስት ዓይነት የቁጥር አሠራር አግኝቼ አራቱን ፈትቻለሁ። አምስተኛው የጋሼ ነው። ፕሮግራሙን ማን እንደሠራው እሳቸውም አያስታውሱም፤ ከአንድ ጓደኛቸው በዲስክ ተገልብጦ ነው ያገኙት፤ ጓደኛው አርፈዋል። ፎንቱ ስለሌለኝ የቆየ የወረቀት ህትመታቸውን አጠገቤ ዘርግቼ፣ ቁጥርና ፊደል አንድ በአንድ እያስተያየሁ ነው። 39 ገጽ ተነቧል። ከ40ኛው ገጽ ጀምሮ ያለው የወረቀት ህትመት ቤት ሲቀያየር ጠፍቷል፤ እዚያ ላይ አንድ ቁጥር «ጸ» ይሁን «ፀ» ገና አልለየሁም፤ ጋሼ ደግሞ ሁለቱንም እያቀያየሩ ነው የሚጽፉት።